ከትሬንታ ኳትሮ እስከ ኤሌክትሪክ፤ በጎንደር መንገድ የመኪናዎች ፉክክርና የመለዋወጫ ንግድ

ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባለው መንገድ ላይ ሁለት ሾፌሮች ለቡና ከተቀመጡ፥ ወሬያቸው ከየትም ቢነሣ ማረፊያው አንድ ነው፤ ይኸውም «የትኛው መኪና ይበልጣል?» የሚለው ክርክር ነው። አንዱ ኤንትሬን ያወድሳል፤ ሌላው በአይሱዙ ይምላል፤ ከጎን የተቀመጠው ወጣት ደግሞ የሁለቱንም ነገር እንደ ድሮ ተረት ቈጥሮ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ይተርካል። ክርክሩ ለሾፌር ጨዋታ ነው፤ ለነጋዴ ግን ገንዘብ ነው። ስለ ምን ቢሉ፥ ሾፌር የተሸነፈውን መኪና ትቶ ወደ አሸናፊው ጋቢና ይሸጋገራል፤ ባለመደብሩ ግን የተሸነፈውን መኪና የፍሬን ሸራና ኩሽኔታ በመደርደሪያው ላይ ታቅፎ ይቀራል።

ይህን ፉክክር ከመነሻው ጀምሮ መከታተል ለአስመጪውም ለቸርቻሪውም የሚጠቅም ስለ ሆነ፥ በጎንደርና በሰሜን ደጋ መንገዶች ላይ ማን ማንን እንዳሸነፈ፥ ይልቁንም በምን እንዳሸነፈ ከዚህ በታች ይነገራል። የሞተር ጉልበት ብቻውን ፉክክሩን የቈረጠበት ዘመን እምብዛም አልታየም።

መኪና በብዛት ወደ ጎንደር የገባው ከጠላት ጦር ጋር ነው። በአኪሌ ስታራቼ የተመራውና በካሚዮን የተጫነው የኢጣሊያ ጦር መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ያዘ። ጠላት ጎንደርን የአማራ ግዛት ብሎ ለከለለው ሀገር ዋና ከተማ ካደረገ በኋላ፥ ከአሥመራ ጋር የሚያገናኘውን መንገድ በደባርቅ በኩል አወጣ። ከወልቀፊት አፋፍ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ጎንደርን ከአሥመራና ከምጽዋ ወደብ ጋር ያገናኘው ይኸው መንገድ ስለ ሆነ፥ የመኪናዎች እውነተኛ መፈተኛም እርሱ ሆነ።

በዚያ መንገድ ላይ የተፎካከሩት ሁለት የኢጣሊያ ካሚዮኖች ፊያት 634 እና ላንቻ ሮ ነበሩ። ፊያቱ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ሲኖረው፥ ጉልበቱ 75 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበር። ላንቻው ግን ከጀርመኑ ዩንከርስ በተገኘ ፈቃድ የተሠራ፥ ሁለት ሲሊንደር ብቻ ያለውና በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት የሚገናኙበት ሞተር ነበረው፤ ጉልበቱም 64 ነበር። በብልኃት ከተመዘነ ላንቻ ይልቃል ማለት ይቻላል። ዳሩ ግን በኢትዮጵያውያን አፍ ላይ የቀረው ስም «ትሬንታ ኳትሮ» ነው፤ ይህም 634 ከሚለው ቍጥር የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በኢጣሊያንኛ ሲነበቡ ነው። ላንቻ ራሱ በፈረንጆች 1938 ዓ.ም. ባወጣው ትሬ ሮ በተባለው መኪና ላይ ያን ብልኅ ሞተር ትቶ ወደ ባለ አምስት ሲሊንደር ሞተር ዞረ። ብልኃት የበዛበት ዕቃ ከፋብሪካው ደጃፍ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ሲሰበር ባለቤቱን ያሳፍራል።

በጄኔራል ናሲ ይታዘዝ የነበረው የመጨረሻው የኢጣሊያ ጦር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. በጎንደር እጁን ሲሰጥ፥ ጠላት ከመንገዱና ከሕንፃዎቹ ሌላ አንድ ቋንቋ ትቶ ሄደ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ቶርኖ፤ እነዚህ ሁሉ የኢጣሊያ ቃላት ናቸው። ዛሬ የጃፓንን ወይም የቻይናን መኪና ዕቃ ሊገዛ የሚመጣ ደንበኛ ሳያውቀው በኢጣሊያንኛ ይጠይቃል፤ ሻጩም ሳያውቀው በኢጣሊያንኛ ይመልሳል። ከመኪናዎቹ ይልቅ ስማቸው ዕድሜ አገኘ።

ከነጻነት በኋላ በሰሜኑ መንገድ ላይ ረጅም ዘመን የገዛው ካሚዮን ፊያት 682 ነው። ይህ መኪና በፈረንጆች 1952 ዓ.ም. ተሠርቶ ቀጥሎ በመጡት ዓይነቶቹ እየተሻሻለ ሄዶ፥ በ1962 ዓ.ም. የወጣው ሦስተኛው ዓይነት በሀገራችን «ኤንትሬ» የሚለውን ስም አተረፈ። የኢጣሊያ ፋብሪካዎች ለተራራ መንገድ ብለው የከባድ መኪናን መሪ በቀኝ በኩል ማድረግ ልማዳቸው ነበር፤ ምክንያቱም ሾፌሩ የገደሉን አፋፍ በዓይኑ እያየ እንዲያልፍ ነው። ሊማሊሞን በወረደ ሰው ዘንድ የዚህ ልማድ ትርጉም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ኤንትሬ ፈጣን አልነበረም። ዳገት ላይ ረዳቱ ወርዶ ከጎኑ በእግሩ እየሄደ ሊያወጋው ይችላል ተብሎ ይቀለድበታል። ቢሆንም ሦስት ነገሮች አጸኑት። መጀመሪያ፥ የተሸከመውን ጭነት ከነተሳቢው ሳያቋርጥ ያወጣል። ሁለተኛ፥ ሲሰበር በመንገድ ዳር በመዶሻና በቶርኖ ይጠገናል። ሦስተኛውና ለነጋዴ ዋናው፥ የአንዱ ዕቃ ለሌላው ስለሚሆን ባለመደብሩ ጥቂት ዓይነት ዕቃ ይዞ ብዙ ደንበኛ ያስተናግድ ነበር። አምቼ የተባለው ፋብሪካ በአዲስ አበባ ተቋቁሞ የፊያትን፥ ኋላም የኢቬኮን ከባድ መኪናዎች መገጣጠም ሲጀምር፥ ያ የዕቃ ዝምድና ይበልጥ ሥር ሰደደ። የመኪና ፉክክር በፋብሪካ ተጀምሮ በመለዋወጫ መደርደሪያ ላይ ያልቃል ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የደጋውን ነገር ሳያነሡ ስለ ጉልበት መናገር ግን አይቻልም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,130 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቍጥር አየሩ ስለሚሳሳ፥ ያለ ቱርቦ የሚሠራ የቤንዚንም ሆነ የናፍጣ ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ይቀነስበታል። ስለዚህ በወደብ አጠገብ መቶ የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ደባርቅ ሲደርስ የቀረው ሰባ አምስት ያህል ነው። በፋብሪካው መጽሔት ላይ የታተመውን ቍጥር አምኖ የገዛ ባለንብረት ሩቡን በመንገድ አራግፎ ይደርሳል ማለት ነው። ቱርቦ የተባለው መሣሪያ አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ ስለሚያስገባ ይህን ጉድለት በብዛት ይክሳል። በደጋ የሚነግድ አስመጪ «ቱርቦ አለው ወይ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቁ ተገቢ ነው።

በጉልበት ቍጥር መታለል የደጋ ሰው ዕጣ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሀገር በተደረገው የሩጫ መኪናዎች ፉክክር ይኸው ነገር በሰፊው ታይቷልና፥ ጥቂት ቢነገር ለሀገራችን ገበያ ትምህርት አለው፤ ከዚህ በታች ያሉት የአሜሪካ ዘመኖች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ፎርድ የተባለው ኩባንያ ሚያዝያ 17 ቀን 1964 ሙስታንግን ለገበያ አቀረበ። መነሻ ዋጋው 2,368 ዶላር ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 22,000 ያህል ትእዛዝ ተቀበለ፤ በመጀመሪያው ዓመትም ከ400,000 በላይ ተሸጠ። ጄኔራል ሞተርስ ይህን አይቶ ዝም ሊል አልቻለምና በመስከረም 1966 ሸቭሮሌ ካማሮን አወጣ። የሸቭሮሌ ሰዎች ካማሮ ማለት ምን ማለት ነው ተብለው ሲጠየቁ፥ ሙስታንግን የሚበላ ትንሽ አውሬ ነው ብለው ቀለዱ። ክራይስለርም ዘግይቶ ዶጅ ቻሌንጀርን ይዞ ገባ።

የፉክክሩ ቋንቋ የፈረስ ጉልበት ነበር። ይሁን እንጂ እስከ 1971 ድረስ የሚታወጀው ቍጥር ሞተሩ ብቻውን ተፈትቶ፥ ያለ ማርሚታና የሞተሩን ጉልበት የሚበሉ ሌሎች ዕቃዎች ሳይገጠሙበት የተለካ ነው። ከ1972 ጀምሮ ግን ሞተሩ በመኪናው ላይ እንደሚሠራው ሆኖ እንዲለካ ሲደረግ፥ ያው ሞተር በአንድ ሌሊት የደከመ መሰለ። እህል ከነጆንያው መመዘንና ጆንያውን ቀንሶ መመዘን የሚለይበትን ነገር የሚያውቅ ነጋዴ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

እነዚህን መኪናዎች ያሸነፋቸው ግን ተፎካካሪያቸው አልነበረም። በመጀመሪያ ለወጣት ነጂዎች የሚጠየቀው የመድን ዋጋ ናረ፤ ቀጥሎ በ1970 የወጣው የአየር ንጽሕና ሕግ ሞተሮቹን አለዘበ፤ በመጨረሻ በ1973 የዐረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ ገበያው ተገለበጠ። የሚያስገርመው፥ ፎርድ ከእገዳው ጥቂት ቀደም ብሎ ትንሽና ደካማ የሆነ ሁለተኛ ሙስታንግ አውጥቶ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ስምንት ሲሊንደር እንኳ አልነበረውም። የሩጫ ወዳጆች ናቁት፤ ገዢው ሕዝብ ግን በዚያ ዓመት ወደ 386,000 ያህል ገዛው። ካማሮ ሙስታንግን በሽያጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የበለጠው በ1977 ነው፤ በዚያን ጊዜ ሁለቱም የጥንት ጉልበታቸውን ጥለው ነበር። ፉክክሩ የቆየው በስም ነው እንጂ በነገር ሌላ ሆኖ ነበር።

በአሜሪካ የሩጫ መኪናን ያደከመው የነዳጅ መወደድ በኢትዮጵያ ከዚህ የከበደ ነገር አስከተለ። የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ያን ጊዜ ሰይቼንቶና ቮልስዋገን ከትልልቆቹ አውቶሞቢሎች ይልቅ ተፈላጊ የሆኑት ስለ ውበታቸው አልነበረም።

በሰሜን ተራሮች የነበረው ሌላው ፉክክር የላንድሮቨርና የላንድክሩዘር ነው። ላንድሮቨር በፈረንጆች 1948 ዓ.ም. ብቅ ያለ የእንግሊዝ መኪና ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ብረት በእንግሊዝ ሀገር ስለ ጠፋ ቆርቆሮው ከአሉሚኒየም ተሠራ፤ ይህም ዝገት እንዳይበላው ጠቀመው። የቶዮታው ላንድክሩዘር ዘግይቶ የመጣና የድሮ ሞተሩም ከአሜሪካ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሮች ጋር ዝምድና የነበረው መኪና ነው። ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛው፥ ሐኪሙና መንገድ ቀያሹ በላንድሮቨር ሄዱ። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ ኩባንያ በሥራ ማቆምና በገንዘብ እጥረት ተወጥሮ በ1975 በመንግሥቱ እጅ እስኪገባ ድረስ ደረሰ፤ ጃፓኖቹ ግን መኪናውንም መለዋወጫውንም በሰዓቱ ያቀርቡ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ በሰሜኑ ሀገር የተሠማሩ የርዳታ ድርጅቶችና ከእነርሱ በኋላ የመጡት ነጩን ላንድክሩዘር የተለመደ ነገር አደረጉት። ላንድሮቨርን ያሸነፈው የመኪናው ብርታት ነው የሚሉ አሉ። እውነቱ ግን፥ ዕቃ ታዝዞ የሚደርስበት ቀን አሸነፈው ማለት ይቀርባል።

ኤንትሬን ከዙፋኑ ያወረደው ደግሞ በጉልበት ከእርሱ እጅግ የሚያንስ መኪና ነው፤ እርሱም አይሱዙ ኤን.ፒ.አር. ነው። ጭነቱ አምሳ ኩንታል ገደማ ነው፤ በሊማሊሞ ዳገት ከኤንትሬ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሊለካካ አይችልም። ምስጢሩ በነጋዴው ኪስ ውስጥ ነው። ለምሳሌ አንድ መጠነኛ ነጋዴ ከደባርቅ ገብስ፥ ከደምቢያ ነጭ ሽንኩርት ገዝቶ ለመላክ ቢፈልግ፥ ያለው ገንዘብ ለአምሳ ኩንታል ይበቃዋል እንበል። ትልቁን ካሚዮን ለመሙላት ሌሎች አራት ነጋዴዎች እስኪመጡ መጠበቅ አለበት፤ ሽንኩርቱ በመጋዘን ይከሳል፤ ገንዘቡም ታስሮ ይቈያል። አይሱዙ ግን በዕለቱ ሞልቶ በማግሥቱ ይደርሳል። በወር ሁለት ጊዜ ይዞር የነበረ ዋና ገንዘብ አራትና አምስት ጊዜ ሲዞር፥ የኪራዩ ዋጋ በኩንታል ቢወደድ እንኳ ነጋዴው አይከስርም። የመኪናው ፍጥነት ትርፍ የሰጠው በመንገድ ላይ ሳይሆን በሒሳብ መዝገብ ላይ ነው።

ፍጥነቱ ሌላም ዋጋ አስከፈለ። በደረሰው የመኪና አደጋ ብዛት የተነሣ ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ሰየመው፤ ይህን ስም ያወጣው ተፎካካሪ አስመጪ ሳይሆን ልጁን በመንገድ ያጣ ሕዝብ መሆኑ መዘንጋት አይገባም። በዚያው ሻንሲ ላይ በሀገር ውስጥ አካል እየተሠራለት «ቅጥቅጥ» የሚባለው አውቶቡስም ወጣ። በከባዱ ጭነት በኩል ደግሞ ሲኖትራክ የተባለው የቻይና መኪና ገበያውን ተቀራመተ፤ ይህ ኩባንያ በፈረንጆች 1983 ዓ.ም. የኦስትሪያውን ስታየር ጥበብ በፈቃድ የገዛ በመሆኑ «የቻይና ዕቃ» ብቻ ተብሎ የሚናቅበት ምክንያት የለም።

በ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ድንበር ሲዘጋ የጎንደር ነጋዴ የአሥመራን ገበያ አጣ፤ ፊቱንም ሙሉ በሙሉ ወደ አዲስ አበባና ወደ መተማ አዞረ። ከአዘዞ ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ አስፋልት ሲለብስ የሰሊጡ ጭነት ሌላ ዓይነት መኪና ጠየቀ፤ በጠጠር መንገድ የሚመሰገነው ጠንካራ ባሌስትራ በአስፋልት ላይ ለጎማ ፍጆታና ለነዳጅ ቍጠባ ቦታውን ለቀቀ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት፥ ቀጥሎ በ2015 ዓ.ም. በሱዳን በተነሣው ጦርነትና በክልሉ በተከሠተው ግጭት መንገድ በተቋረጠ ጊዜ ሁሉ ካሚዮኖች ቆመው ውለዋል። የቆመ መኪና ባትሪና ጎማ ያበላሻል እንጂ የፍሬን ሸራ አይበላም፤ በእነዚያ ዓመታት የመለዋወጫ ሽያጭ ቅደም ተከተሉን የቀየረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በከተማው ውስጥ የነበረው የጋሪና የባጃጅ ፉክክር ብዙ አያነጋግርም፤ ፈረስ ገብስ ይበላል፥ ባጃጅ ሲቆም አይበላም። ሊጠቀስ የሚገባው፥ ሌላው የሕንድ ኩባንያ ቲ.ቪ.ኤስ. ባለሦስት እግር መኪና ይዞ ቢገባም ሕዝቡ እርሱንም «ባጃጅ» ብሎ መጥራቱ ነው። ስሙን የወረሰ ኩባንያ የተፎካካሪውን መኪና ሳይቀር በራሱ ስም ያስጠራል። ለባለመደብሩ ግን ስሙ አንድ ቢሆንም ዕቃው አንድ አይደለምና፥ «የባጃጅ» ተብሎ የታዘዘ ዕቃ ከመደርደሪያው ከመውረዱ በፊት የየትኛው ኩባንያ እንደ ሆነ ማረጋገጥ ከጠብ ያድናል።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ፉክክሩን በዋናነት የሚመራው ሕግ ሆኗል። በየካቲት 2012 በጸደቀው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ፥ ዕድሜው በገፋ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ተጣለ። በቪትዝና በኮሮላ መካከል የነበረው የቤት መኪና ፉክክር ያን ጊዜ በጉምሩክ በር ላይ ተቈረጠ። በጥቅምት 2015 አውቶሞቢል ከ38 ዓይነት ዕቃዎች ጋር የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድለት ታገደ። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንደማይገባ አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ ያ የ38ቱ ዕቃዎች እገዳ ተነሣ፤ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። የመቶ ዶላር ካምቢዮ ዕቃ በ5,700 ብር ይገባ የነበረው ከ10,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ዕቃውን በአሮጌው ዋጋ ገዝቶ የሸጠ ባለመደብር የሸጠበት ገንዘብ ያንኑ ዕቃ መልሶ ሊያስመጣለት አልቻለም። ትርፍ መሰሎት የበላው ዋናውን ነበር።

በዓለም ገበያም በዚያው ሰሞን የድሮዎቹ ተፎካካሪዎች ቦታቸውን ለቀቁ። ካማሮና ቻሌንጀር በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መሠራታቸው ተቋረጠ። ሙስታንግ በቤንዚን ሞተሩ ብቻውን ቀረ፤ ስሙ ግን አስቀድሞ ማክ ኢ በተባለ የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ተለጥፏል። ሃምሳ ዓመት ከካማሮ ጋር የታገለ መኪና የመጨረሻ ተፎካካሪው በራሱ ስም መጣበት።

በሀገራችን የኤሌክትሪክ መኪና ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከተጨማሪ እሴት ታክስ፥ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ ሆኖ ሲገባ፥ በቻይና የተሠሩት ቢ.ዋይ.ዲ.፣ ቮልስዋገንና ቶዮታ አዲስ ፉክክር ጀመሩ። የዚህ ፉክክር ቋንቋ የፈረስ ጉልበት አይደለም፤ «በአንድ ሙሌት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» የሚል ነው። ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እስከ ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል፥ አብዛኛው ዳገት። በዚህ በኩል ደጋው ለኤሌክትሪክ መኪና ጠላት ብቻ አይደለም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና በደባርቅ ከፍታ ጉልበቱ አይቀነስበትም፤ ትሬንታ ኳትሮንና ኤንትሬን ሩብ ጉልበታቸውን የቀማቸው የሳሳ አየር እርሱን አይነካውም። ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ በተራው ኤሌክትሪክ እያመነጨ ከባትሪው የወጣውን በከፊል ይመልሳል። ችግሩ መብራት በጠፋ ቀን የት ይሞላል የሚለው ነው። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅምም አለው፤ ኃይል በግድቡ መኖሩና በየከተማው ሙያ መሙያ መኖሩ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ባለመደብሩ ይህን ሁሉ ሰምቶ የሚጠይቀው «መደርደሪያዬን ምን ልሙላው?» ብሎ ነው። የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ በመጀመሪያ ሲታይ የመለዋወጫ ነጋዴን የሚጐዳ ይመስላል፤ ለጊዜው የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። አዲስ ስለማይገባ አሮጌው ይወደዳል፤ የተወደደ ዕቃ አይጣልም፥ ይጠገናል። ስለዚህ የኮሮላና የቪትዝ፥ የዶልፊንና የአይሱዙ ዕቃ ገና ለዓመታት ይፈለጋል። ይህ ማለት ግን ለዐሥር ዓመት የሚበቃ ካንዴላ መግዛት ማለት አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፤ ማርሚታ የለውም፤ ፍሪሲዮን የለውም፤ የሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ አይጠይቅም። የፍሬን ሸራውም ሞተሩ ራሱ መኪናውን ስለሚገታለት ቀስ ብሎ ያልቃል። በአንጻሩ ከባትሪው ክብደት የተነሣ ጎማው ፈጥኖ ያልቃል፤ የእግር ዕቃውም በኮብልስቶን መንገድ ይጐዳል፤ ኩሽኔታም እንደ ሌላው መኪና ያስፈልገዋል።

ጋራዦችን የሚመለከተው ነገር ደግሞ ከዚህ ይለያል። የእነዚህ መኪናዎች ዋና ባትሪ ብዙውን ጊዜ 400 ቮልት ገደማ የሚሸከም ነው፤ በኤንትሬ ላይ ያደገ መካኒክ እንደ ለመደው በባዶ እጁና በፒንሳ ሊነካው አይገባም፤ ይገድለዋል። ለዚህ ሥራ የተለየ የመከላከያ ጓንት፥ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መፍቻና ኃይሉ መቋረጡን የሚያረጋግጥ መለኪያ ያስፈልጋል። ዋጋቸው ከአንድ ሞተር እድሳት አይበልጥም፤ የጎንደር መደብሮች ከቀጣዩ ጭነታቸው ጋር ሊያዙአቸው የሚገባ ዕቃዎችም እነዚሁ ናቸው።